የስጦታ ካርዱ ላይ የተጻፈውና እጅ የሚገባው

(ጅማ ላይ ለነጋዴዎች፣ ለተማሪዎችና ለወላጆች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ)

እንደምን ዋላችሁ፤ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች።

የስጦታ ካርድ ወደ ጅማ የሚገባው በሦስት መንገድ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካርዱን ገዝቶ ኮዱን በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ይልካል። ወይም እዚሁ ያለ ወጣት ለጨዋታ፣ ለመተግበሪያ፣ ለኢንተርኔት ትምህርት የሚሆነውን ኮድ ከቴሌግራም ሻጭ በብር ይገዛል። አለዚያም አንድ መሥሪያ ቤት ለፋሲካ ወይም ለኢድ የሱፐርማርኬት ኩፖን ለሠራተኞቹ ያድላል። በሦስቱም ላይ የተጻፈው ቁጥርና ተቀባዩ እጅ የሚገባው ነገር አንድ አይደሉም። ንግግሬ በሙሉ በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ልዩነቱን እናንተው በወረቀትና በእስክሪብቶ እንድታወጡት እፈልጋለሁ፤ ማንንም ማመን ሳያስፈልጋችሁ።

ከሒሳቡ እንነሳ። ሜሪላንድ የምትኖር አክስት እዚህ ዩኒቨርሲቲ ለሚማር የወንድሟ ልጅ የ50 ዶላር የቪዛ የስጦታ ካርድ ገዛች እንበል። ካሸሯ የተቀበለቻት ግን 54.95 ዶላር ነው። ትርፉ 4.95 ካርዱን ለማስጀመር የሚከፈል ነው፤ እንደ ካርዱ ዓይነትና መጠን ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 8 ዶላር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ልጁ የ29 ዶላር የኢንተርኔት ትምህርትና የ15 ዶላር መጽሐፍ ገዛ፤ ድምሩ 44 ዶላር። ሻጮቹ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ድርጅቶች በመሆናቸው ካርዱን ያወጣው ባንክ 3 በመቶ የውጭ ግብይት ክፍያ ጨመረበት፤ 1.32 ዶላር። ካርዱ ላይ የቀረው 4.68 ነው። ለ4.68 የሚሆን የሚፈልገው ነገር አላገኘምና ገንዘቡ እዚያው ቀረ።

አክስት ያወጣችው 54.95፣ ልጁ የተጠቀመበት 44። መሐል ላይ 10.95 ዶላር ቀልጧል፤ ከመቶ ሃያ ማለት ነው። ማንም አልሰረቃቸውም። እያንዳንዱ ክፍያ በካርዱ ጀርባ ወይም በውስጡ በተጣጠፈው ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር። ስውር ክፍያ የምንለው በአብዛኛው የተዋሸ ክፍያ ሳይሆን፣ ገዢው በሚያይበት ሰዓት በሚያየው ቦታ ያልተቀመጠ ክፍያ ነው። ገዢው አንድ ሰው ነው፤ ክፍያው የሚደርስበት ግን ሌላ ሰው ነው። ስጦታ ሰጪው ደቃቁን ጽሑፍ የሚያነብበት ምክንያት የለውም፤ ተቀባዩ ደግሞ ሲያነበው ጊዜው አልፏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የማስጀመሪያ ክፍያው ከካርዱ መጠን ጋር እኩል አያድግም። በ25 ዶላር ካርድ ላይ 3.95 ከተከፈለ ወደ 16 በመቶ ይጠጋል፤ በ200 ዶላር ካርድ ላይ 6.95 ከተከፈለ ግን ከ3.5 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ ለአራት የእህት ልጆች አራት የ25 ዶላር ካርድ መግዛት 15.80 ዶላር ለክፍያ ብቻ ማውጣት ነው። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁ ይህን እንዲያውቁ ንገሯቸው፤ አብዛኞቹ ስለ ጠቅላላው ካርድ እንጂ ስለ መቶኛው አስበው አያውቁም።

አሁን ዓይነቶቹን እንለይ፤ ክፍያው የሚቀመጥበት ቦታ በየዓይነቱ የተለየ ነውና። አንዱ የሱቅ ካርድ ነው፦ የአማዞን፣ የአፕል፣ የጉግል ፕሌይ፣ የስቲም (የኮምፒውተር ጨዋታ መሸጫ)። በድርጅቱ ራሱ ቤት ብቻ ነው የሚሠራው። እንዲህ ያለው ካርድ ከድርጅቱ ወይም ከታወቀ መደብር ሲገዛ እንደ ደንቡ የማስጀመሪያ ክፍያ የለውም፤ 25 ከተጻፈበት 25 ተከፍሎ 25 ይገባል። ሌላው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ የሚል ምልክት ያለበት፣ «ብዙ ቦታ ይሠራል» ተብሎ የሚሸጠው ነው። ነጻነቱ ሰፊ ስለሚመስል ሰው ይመርጠዋል። እኔ ግን ወደ ኢትዮጵያ ለሚላክ ስጦታ ከሁሉ የከፋው ይኸኛው ነው እላለሁ። ምክንያቱ ክፍያው ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሚሸጡ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ካርዶች ጀርባቸው ላይ «በአሜሪካ ውስጥ ብቻ የሚሠራ» የሚል መስመር አላቸው። ያ መስመር ካለ ጅማ ላይ የደረሰው ካርድ ፕላስቲክ ብቻ ነው፤ ሃያ በመቶ ሳይሆን መቶ በመቶው ይጠፋል።

መስመሩ ባይኖርም ሌላ መሰናክል አለ። የኢንተርኔት ሻጭ የካርዱን ባለቤት አድራሻና ዚፕ ኮድ (የአሜሪካ የፖስታ ቁጥር) ከባንኩ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። የስጦታ ካርድ ስም አልባ ስለሆነ መዝገቡ ባዶ ነው፤ ክፍያው «ተቀባይነት አላገኘም» ተብሎ ይመለሳል። ሰው ይህን ሲያይ ካርዱ ባዶ ነው ብሎ ይጥለዋል። መፍትሔው ከካርዱ ጀርባ በተጻፈው ድረ ገጽ ገብቶ ካርዱን በላኪው ስምና በላኪው የአሜሪካ አድራሻ ማስመዝገብ፣ ከዚያም ሲገዙ ያንኑ አድራሻ መሙላት ነው። ይህን መሥራት የሚቀለው ላኪው ስለሆነ ኮዱን ከመላኩ በፊት እንዲጨርሰው አድርጉ። በየወሩ ለሚቆረጥ አገልግሎት ደግሞ ብዙ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ካርድ ጭራሽ አይቀበሉም።

ሳይጠቀሙበት ስለማቆየት ጥቂት ልበል። በአሜሪካ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የካርድ ሕግ ከኦገስት 22 ቀን 2010 ጀምሮ በስጦታ ካርዶች ላይ ልጓም አስገብቷል። በካርዱ ውስጥ ያለው ገንዘብ ከ5 ዓመት በፊት ጊዜው አልፏል ሊባል አይችልም። ካርዱ ሳይነካ ስለ ቆየ የሚቆረጥ ክፍያ 12 ወር ሙሉ እንቅስቃሴ ሳይኖር ካላለፈ አይፈቀድም፤ ከዚያም በኋላ በወር ከአንድ ጊዜ በላይ መቁረጥ አይቻልም፤ ክፍያው መኖሩም አስቀድሞ በግልጽ መጻፍ አለበት። ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን ምን እንደሚፈቅድ አስተውሉ። በወር 2.50 ዶላር የሚቆረጥበት የ25 ዶላር ካርድ ከዓመቱ በኋላ በ10 ወር ውስጥ ባዶ ይሆናል፤ ያውም ሕጉ ሳይጣስ። እንቅስቃሴ የሚባለው ገንዘቡ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ብቻ ነው፤ ቀሪ ሒሳብን ማየት እንቅስቃሴ ሆኖ አይቆጠርም። በዓመት ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር መግዛት ግን ቆጠራውን እንደገና ከዜሮ ያስጀምረዋል። ፊቱ ላይ የታተመው ወርና ዓመት የፕላስቲኩ ዕድሜ ሊሆን ይችላል፤ የገንዘቡ ጊዜ ገና ካላለፈ አውጪው ሌላ ካርድ በነጻ መተካት አለበት። «ጊዜው አልፏል» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ካለ ወደ መጣያ ከመወርወራችሁ በፊት የጀርባውን ስልክ ላኪው ይደውልበት።

ሕጉ የማይደርስበትም አለ። «የ50 ዶላር ካርድ ለገዛ የ10 ዶላር ጉርሻ» እየተባለ የሚሰጠው ተጨማሪ ካርድ የማስተዋወቂያ ካርድ ነው፤ ከአምስት ዓመቱ ጥበቃ ውጭ ነው፣ በጥቂት ሳምንታት ሊያልቅ ይችላል። ዘመድ ሁለቱን አንድ ላይ ከላከ መጀመሪያ ጉርሻውን ተጠቀሙ።

አገሩን ደግሞ ተመልከቱ። ጅማ ላይ ብዙ ወጣት ብሩን የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ልቆይበት። የአፕል ካርድ የሚሠራው በተሸጠበት አገር በተከፈተ አካውንት ብቻ ነው። የአሜሪካው አማዞን ካርድ በእንግሊዙ አማዞን አይሠራም። በጉግል ፕሌይ አካውንቱ የተመዘገበበት አገርና የካርዱ አገር መግጠም አለባቸው፤ አገሩን መቀየር የሚቻለው በዓመት አንዴ ነው፣ ሲቀየርም በአሮጌው አገር የነበረው ቀሪ ሒሳብ በአዲሱ አይሠራም። በአፕል ደግሞ ቀሪ ሒሳብ እያለ አገር መቀየር አይቻልም፤ መጀመሪያ ተጠቅሞ መጨረስ ያስፈልጋል። እንግዲህ «የአሜሪካ ኮድ አለኝ» ያለው ሻጭ ውሸት አልተናገረም፤ የእናንተ አካውንት የየት አገር እንደሆነ ግን አልጠየቃችሁም። ከመክፈላችሁ በፊት የአካውንታችሁን አገር ከስልኩ ማስተካከያ ገብታችሁ እዩ፣ ሻጩም የካርዱን አገርና ገንዘብ በጽሑፍ እንዲያሳውቃችሁ አድርጉ። አንዴ የተፋቀ ኮድ አይመለስም። አበው «ቁጭ ብለው የሰቀሉት ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

በብር ስንገዛ የተደበቀው ክፍያ ምንዛሪው ውስጥ ነው። የቴሌግራም ሻጭ «የአገልግሎት ክፍያ የለኝም» ይላል፤ አይዋሽም፣ ትርፉ ተመኑ ላይ ነው። ስሌቱ አንድ መስመር ነው፦ የተጠየቃችሁትን ብር ካርዱ ላይ ላለው ዶላር አካፍሉ፣ ውጤቱን የዚያን ዕለት ባንኮች ካወጡት የመሸጫ ተመን ጋር አስተያዩ። ለመልመጃ ያህል፣ ለ20 ዶላር ካርድ 4,000 ብር ቢባል አንዱ ዶላር 200 ብር ገባ ማለት ነው። የባንኩ ተመን 150 ቢሆን ያው ካርድ 3,000 ብር ነበር። ልዩነቱ 1,000 ብር፣ የሠላሳ ሦስት በመቶ ጭማሪ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን የዕለቱን ተመን ራሳችሁ ማየት አለባችሁ። ሻጩ ካርዱን የሚያገኘው ከውጭ ነው፣ ድካምና ስጋት አለበትና ትርፍ መያዙን አልቃወምም። ስንት እንደያዘ ሳታውቁ መክፈላችሁን ነው የምቃወመው።

በጣም የረከሰ ኮድ ደግሞ ከውዱ ይልቅ ያስፈራል። ከፊት ዋጋው፣ ማለትም ካርዱ ላይ ከተጻፈው፣ በግማሽ የሚሸጥ ኮድ በተሰረቀ ክሬዲት ካርድ የተገዛ ሊሆን ይችላል። ኮዱ ሲገባ ይሠራል፤ ጨዋታው ይገዛል፤ ከቀናት በኋላ የተሰረቀው ካርድ ባለቤት ሲያመለክት ድርጅቱ ገንዘቡን ይሰርዛል፣ አካውንቱንም ሊቆልፍ ይችላል። ያኔ የሚጠፋው የኮዱ ብር ብቻ ሳይሆን ለዓመታት በዚያ አካውንት የተሰበሰበው ሁሉ ነው።

ውጭ ላለው ገዢ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ሌቦች ከመደርደሪያ ላይ ያልተሸጡ ካርዶችን ወስደው ከማሸጊያው ያወጣሉ፣ ቁጥሩንና ሚስጥር ቁጥሩን ይቀዳሉ፣ መልሰው አሽገው እዚያው ይሰቅሉታል። ካርዱ ገና ስላልተከፈለበት ባዶ ነው። አክስት ከፍላ ባስጀመረች ደቂቃ ግን ቁጥሩን የያዘው ሌባ ገንዘቡን ያወጣዋል፤ ልጁ ሲደርስበት ዜሮ ነው። ስለዚህ ማሸጊያው የተቀደደ፣ ሙጫው ያበጠ፣ የሚፋቀው ብርማ ሽፋን እንደ ተለጣፊ ወረቀት ጠርዙ የተነሳ ካርድ አይገዛም። ከተቻለ ከካሸር ኋላ ከሚቀመጠው ይወሰድ፤ በኢሜይል በቀጥታ ከድርጅቱ የሚላከው ከዚህ አደጋ ይድናል። የማስጀመሪያው ደረሰኝ ገንዘቡ እስኪያልቅ ድረስ አይጣልም፤ ያለ እሱ ቅሬታ ማቅረብ ከባድ ነው። ቀሪ ሒሳብ የሚታየውም በካርዱ ጀርባ በተጻፈው አድራሻ ብቻ ነው። በፍለጋ የሚወጡ «ቀሪ ሒሳብዎን ይመልከቱ» የሚሉ ገጾች ውስጥ ቁጥሩን እንድትጽፉላቸው ብቻ የተሠሩ አሉ።

ካርዱን ያወጣው ድርጅት ቢወድቅስ? ካርድ የያዘ ሰው ለድርጅቱ ያለ ወለድ ያበደረ ሰው ነው፤ ያውም ከመጨረሻዎቹ ገንዘብ ጠያቂዎች ተርታ። በአሜሪካ ሻርፐር ኢሜጅ የተባለው የመደብር ሰንሰለት በ2008 እ.ኤ.አ. ኪሳራ ሲያመለክት የስጦታ ካርድ መቀበል አቆመ፤ በኋላ ሲቀበል ደግሞ ከካርዱ እጥፍ የሚያወጣ ዕቃ ለሚገዛ ብቻ ነበር። ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ በኤፕሪል 2023 ኪሳራ አመልክቶ ካርዶቹን እስከ ሜይ 8 ብቻ ተቀበለ፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ። ሁለቱም ትልልቅ ስሞች ነበሩ። ካርድ ቶሎ ተጠቀሙበት የምለው ስለዚህም ነው።

ወደ አገር ቤቱ ኩፖን ልምጣ። እዚህ የማስጀመሪያ ክፍያ አይጠየቅም። ጉዳቱ በሌላ ስም ይመጣል። የ1,000 ብር ኩፖን ተቀብላችሁ ዓመት ብታቆዩትና ዋጋ በዓመቱ 15 በመቶ ቢጨምር፣ ኩፖኑ የሚገዛላችሁ በተሰጣችሁ ጊዜ 870 ብር ገደማ የሚገዛውን ያህል ነው። 130 ብሩ የማንም ደረሰኝ ላይ አይታይም። ሌላው መልስ ነው። 1,000 ብር ኩፖን ይዛችሁ የ860 ብር ዕቃ ስታነሱ «መልስ በጥሬ ገንዘብ አንሰጥም» ከተባለ፣ ወይ የማትፈልጉትን የ140 ብር ብስኩት ትጨምራላችሁ፣ ወይ ትተዉታላችሁ። የዘይቱንና የዱቄቱን ዋጋ ደግሞ ሂርማታ ገበያ ካለው ጋር አስተያዩ። በእያንዳንዱ ዕቃ አሥር በመቶ የሚበልጥ ቤት የሰጣችሁ የ1,000 ብር ኩፖን ገበያው ላይ 910 ብር አይሞላም። ቅርንጫፉ አዲስ አበባ ብቻ የሆነ ቤት ኩፖንስ? ወደ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚጠቀምበት የጅማ ሠራተኛ የለም። ለሠራተኛ ኩፖን የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች ይህን ቢያስቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ብር በደመወዝ ሒሳብ ወይም በቴሌብር ማስገባት የተሻለ ስጦታ ነው። የሚላክበት ክፍያ ቢኖር እንኳ በመልእክቱ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ ባንኮች ከአገልግሎት ክፍያቸው ላይ የሚይዙት 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይቀር ለብቻው ይነበባል። የሚታይ ክፍያ ለመከራከርም ለመምረጥም ይመቻል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በዚህ መብት ተጠቀሙ፤ ኩፖን ስትገዙ ሁኔታው በቃል ሳይሆን ኩፖኑ ላይ ይጻፍ በሉ። እስከ መቼ ይሠራል? በየትኛው ቅርንጫፍ? በከፊል ብጠቀም ቀሪው ይያዝልኛል? መልስ ይሰጣል? ቢጠፋ ይተካል? ቅናሽ ባለው ዕቃ ላይም ይሠራል? እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች የማይመልስ ሻጭ ኩፖኑን ለራሱ ያስቀምጠው። ተጽፎ የነበረ ነገር ሲከለከል ኩፖኑንና ደረሰኙን ይዞ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት መሄድ ይቻላል፤ በቃል የተባለ ነገር ይዞ መሄድ ግን ድካም ነው።

እዚህ የተቀመጣችሁ ነጋዴዎች የራሳችሁን ኩፖን ማውጣት ትችላላችሁ፤ ቡና ለምትቆሉ፣ ማር ለምትሸጡ፣ በርጩማና የእንጨት ዕቃ ለምትሠሩ ጥሩ የበዓል ገበያ ነው። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ኩፖኑ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፤ መጠኑ በአኃዝና በፊደል ይጻፍ፤ ማኅተምና ፊርማ ይረፍበት። አንድ ደብተር ለዚህ ብቻ ይዘጋጅ፦ ቁጥሩ፣ የተሸጠበት ቀን፣ መጠኑ፣ የተጠቀሙበት ቀን፣ ቀሪው። ኩፖን የያዘ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ደብተሩ ይታያል፣ ከዚያ ዕቃው ይሰጣል፤ ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው የተቀዳ ኩፖን ሁለቴ የሚከፈለው። ከኩፖኑ ጀርባ ትንሽ ሠንጠረዥ ይታተም፣ ሰው 1,000ውን በሦስት ጊዜ ቢጠቀም ቀሪው እየተጻፈ ይፈረምበት። ከ50 ብር በታች የቀረ በጥሬ ገንዘብ ይመለስ፤ ደንበኛው ያስታውሰዋል።

ብዙ ሱቅ የሚሳሳተው ግን ገንዘቡ ላይ ነው። ኩፖኑ የተሸጠ ዕለት የገባው ብር ገቢ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ገቢ የሚሆነው ዕቃው ሲወጣ ነው። ለፋሲካ 60,000 ብር ኩፖን ሸጦ ብሩን ለቤት ኪራይ ያዋለ ነጋዴ፣ በዳግም ትንሣኤ ኩፖን የያዘው ሁሉ ሲመጣ ዕቃ የሚሞላበት ገንዘብ ያጣል። ቢያንስ የዕቃውን መግዣ ያህል በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። ሌላው ጥያቄ በብር ይጻፍ ወይስ በዕቃ የሚለው ነው። «1,000 ብር» ከተባለ የዋጋ ጭማሪውን የሚሸከመው ተቀባዩ ነው፤ «1 ኪሎ የተቆላ ቡና» ከተባለ ሻጩ ነው። እኔ የምመርጠው በዕቃ ጽፎ ጊዜውን በ3 ወር መገደብ ነው። ተቀባዩ ኪሎውን አያጣም፣ ሻጩም ቡናውን አስቀድሞ ገዝቶ መያዝ ይችላል።

ታዲያ የስጦታ ካርድ መግዛት ይጠቅማል ወይ? በአብዛኛው አይጠቅምም፤ ወደ ጅማ ለሚላክ ስጦታ ደግሞ ይበልጥ አይጠቅምም። ውጭ ያለ ዘመድ ያንኑ 54.95 ዶላር በባንክ ወይም በሐዋላ ቢልክ ላኪው ክፍያውንና የሚደርሰውን ብር ከመላኩ በፊት ማየት ይችላል። ሁለት መላኪያዎችን ሲያወዳድር የአገልግሎት ክፍያውን ብቻ አይይ፤ ክፍያ የለኝም የሚለውም ምንዛሪው ላይ ሊይዝ ይችላልና የሚያወዳድረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ እጅ የሚገባው ብር ስንት ነው? አገር ውስጥ ለትንሽ ስጦታ ደግሞ ከ*999# ለሌላ ስልክ ጥቅል መግዛት ይቻላል፤ የተከፈለው ያው የሚደርሰው ነው።

የሚጠቅምባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው፤ ግን አሉ። ሱቁ 100 ዶላሩን በ90 ሲሸጥና ተቀባዩ ከዚያው ሱቅ ለማንኛውም የሚገዛ ሲሆን። ተማሪው ከካርዱ ጋር የሚገጥም አካውንት ኖሮት የሚፈልገው መተግበሪያ ወይም መጽሐፍ ዋጋው ከካርዱ ጋር ሲመጣጠን። ወይም በኢንተርኔት የሚከፍልበት ሌላ መንገድ ሲያጣ፤ እዚህ ላይ ግን መጀመሪያ ባንኩን የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ዓለም አቀፍ ካርድ ለማን፣ በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ ይጠይቅ። በእነዚህ ሁሉ የሱቅ ካርድ እንጂ ባለ ቪዛ ምልክቱ አይደለም።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን ድርድር የለም። በስጦታ ካርድ ክፈል የሚል ማንኛውም ሰው አጭበርባሪ ነው። ለቪዛ፣ ለዲቪ፣ ለስኮላርሺፕ፣ ለውጭ ሥራ፣ ለጉምሩክ የተያዘ ዕቃ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን። የትኛውም ኤምባሲ፣ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ በአፕል ወይም በስቲም ኮድ ክፍያ አይቀበልም። ሌቦቹ የሚወዱት ኮዱ በስልክ ስለሚነበብ፣ በደቂቃ ስለሚሟጠጥና ባለቤቱ ስለማይታወቅ ነው። በአሜሪካ ብቻ በ2023 በዚህ መንገድ ጠፋ ተብሎ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የተመዘገበው ከ200 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል። ኮዱ ከተላከ በኋላ የገባችሁ እንደሆነ ያን ሰዓት፣ ሳታድሩ፣ የካርዱን አውጪ አነጋግሩ፤ ካርዱን፣ ደረሰኙንና የመልእክቱን ስክሪን ሾት ያዙ። ገንዘቡ ገና ካልወጣ ሊያግዱት ይችላሉ።

ከተሰብሳቢው ከተነሱት ጥያቄዎች ሦስቱን እዚህ አስገብቻቸዋለሁ።

አንዲት እናት ልጃቸው የተላከለትን የማይሠራለት ካርድ ለሌላ ሰው ቢሸጥ ይሻላል ወይ ብለው ጠየቁ። እናቴ፣ መሸጥ ይቻላል፤ ከፊት ዋጋው ግን መቀነሱ አይቀርም፣ አደጋውም በሁለቱም በኩል ነው። ገዢው ኮዱን ተቀብሎ «አልሠራም» ሊል ይችላል። መጀመሪያ ላኪውን ይጠይቅ፤ ያልተፋቀና ያልተጠቀሙበት ከሆነ ላኪው ራሱ ይጠቀምበትና በምትኩ ብሩን ይላክለት። አሜሪካ ለሚኖር ሰው ካርዱ ሙሉ ዋጋ አለው።

አንድ ወጣት ኮዱን ሲፍቅ ሁለት ፊደል አብሮ ተፍቆ ጠፋበት። በጥፍር ወይም በምላጭ አይፋቅም፤ በሳንቲም ጠርዝ በቀስታ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ። አሁን ግን ፊደሎቹን እየገመትክ አትሞክር፤ ተደጋጋሚ ስህተት አካውንትህን ሊያስቆልፍ ይችላል። ያልተሸፈነ ተከታታይ ቁጥር ካርዱ ላይ ይኖራል፤ እሱንና ደረሰኙን ፎቶ አንስተህ ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ላክ። ለቴሌግራም ቡድን አይደለም።

ሌላው የካርድ ትራፊ ያላቸው ነበሩ፤ በባለ ቪዛው ካርድ ላይ የቀረችው 4.68 ምን ትሁን አሉ። ብዙ የኢንተርኔት ሻጮች ዋጋን በሁለት ካርድ ከፍሎ መክፈልን አይቀበሉም፤ ሰው 4.68 ይዞ የ9 ዶላር ዕቃ ሲሞክር ሙሉው ይመለስበታል። መላው ትራፊውን ወደ አንድ የሱቅ ሒሳብ ማዛወር ነው፦ ቀሪውን ሳንቲም ሳይቀር አጣርቶ ማየት፣ አውጪው የውጭ ግብይት ክፍያ የሚይዝ ከሆነ ያንን ቀንሶ፣ በቀረው ልክ የዚያኑ ሱቅ የኢሜይል ስጦታ ካርድ ለራስ መግዛት። ሱቁ የሚቀበለው ዝቅተኛ መጠን አስቀድሞ ይታይ። ገንዘቡ ሒሳቡ ውስጥ መግባቱ እስኪረጋገጥ ድረስ አሮጌው ካርድ አይቀደድም፤ ዕቃ ቢመለስ ገንዘቡ የሚመለሰው ወደዚያው ካርድ ነውና።